የታሪክና የምንባብ የቤት ሥራ ጥያቄ እንዴት ይመለስ?

ተማሪ «ይህን ጥያቄ መልሱልኝ» ብሎ ሲመጣ መልሱን ቶሎ መንገር ያጓጓል። መቅደም ያለበት ግን ጥያቄውን ከነመመሪያው፣ ከነማርኩ ማየት ነው። ተማሪው በራሱ አነጋገር አሳጥሮ ሲነግረን ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የትእዛዙ ግስ ነውና። «ዘርዝር» ከተባለ ነጥቦቹን መጥቀስ ይበቃል፤ «አብራራ» ሲባል እያንዳንዱ ነጥብ ለምንና እንዴት እንደሆነ መታየት አለበት። «አነጻጽር» ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ወገን በአንድ መመዘኛ ይታያሉ። ስለ አንዱ ግማሽ ገጽ፣ ስለ ሌላው ግማሽ ገጽ ለየብቻ መጻፍ ንጽጽር አይደለም።

በታሪክ ትምህርት ከሁሉ በላይ ነጥብ የሚያስጥለው መንስኤ ሲጠየቅ ነው። «የአንደኛው የዓለም ጦርነት መንስኤ ምን ነበር?» ሲባል አብዛኛው ተማሪ የአውስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ላይ መገደሉን ጽፎ ያቆማል። ግድያው የተፈጸመው እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1914 ነው፤ አውስትሪያ-ሀንጋሪ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጀችው ልክ በወሩ፣ ጁላይ 28 ነው። ከዚያ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጀርመን፣ ሩሲያ፣ ፈረንሳይና ብሪታንያ ገቡበት። ተማሪውን «የሁለት አገሮች ጠብ ሌሎቹን በዚህ ፍጥነት ለምን ጎተታቸው?» ብለን ብንጠይቀው የጦር ቃል ኪዳኖቹን፣ የመሣሪያ እሽቅድምድሙን፣ የቅኝ ግዛት ፉክክሩንና የባልካን ብሔርተኝነትን ራሱ ያመጣቸዋል። ግድያው አፋጣኝ ምክንያት፣ እነዚህ ደግሞ መሠረታዊ ምክንያቶች መሆናቸው ያን ጊዜ ይገባዋል። ዓመት ሲጻፍ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ማለትም አይዘንጋ፤ አለዚያ መልሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዛባል።

ምንባብ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ተማሪው የሚመልሰው ከሚያውቀው እንጂ ካነበበው አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልስ «የትኛው ዐረፍተ ነገር ነው ይህን ያለህ?» ማለት ይገባል። በቀጥታ ያልተጻፈ ነገር ሲጠየቅም ማስረጃው እዚያው ነው። «ሰውየው ጃንጥላውን ደጃፉ ላይ አራግፎ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ» የሚል ምንባብ ቢኖር «ውጭ ምን ዓይነት አየር ነበር?» ለሚለው «ዝናብ» ማለት ያስኬዳል፤ የተራገፈ ጃንጥላ እርጥብ ነው። «ሰውየው ከሥራ እየተመለሰ ነበር» ማለት ግን ግምት ብቻ ነው፤ የሚደግፈው አንድም ቃል የለም። ይህን ልዩነት በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ማሳየት ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

ዋና ሐሳብ የሚጠይቅ ምርጫ ላይ ተማሪን የሚያሳስተው ውሸት የሆነው አማራጭ ሳይሆን እውነት ሆኖ ጠባብ የሆነው ነው። አማራጩን ይዞ ወደ እያንዳንዱ አንቀጽ መመለስና «ይህኛውንም ይሸፍናል?» ብሎ መፈተሽ ያስፈልጋል። አንዱን አንቀጽ ብቻ የሚነካ ከሆነ ዝርዝር ሐሳብ ነውና ይሰረዝ።