በሎጂክ ፈተና ትክክል መልሼ ነጥብ ያጣሁበት ጥያቄ

የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚወስዱት የሎጂክ እና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ እንደሚወራበት ከባድ አይደለም። የፍልስፍናውን ምዕራፍ አንድ ጊዜ አንብባችሁ እለፉ። በአንድ ሙግት ውስጥ መነሻን (እንደ ማስረጃ የቀረበውን) ከመደምደሚያ መለየትም በጥቂት ልምምድ ይመጣል።

ዲደክቲቭ ሙግትን፣ ማለትም መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ መደምደሚያው የግድ እውነት ነው የሚለውን፣ ለመመዘን ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ቅደም ተከተላቸውን ግን አታዛቡ። መነሻዎቹ እውነት ሆነው መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን ይችላል? የማይችል ከሆነ ሙግቱ ቫሊድ ነው። ከዚያ በኋላ፣ መነሻዎቹ በእርግጥ እውነት ናቸው? ከሆኑ ሳውንድ ይባላል። «ወንዞች ሁሉ ባሕር ይገባሉ፤ አዋሽ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ አዋሽ ባሕር ይገባል» ቫሊድ ነው። አዋሽ ግን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ስለሚቀር ሳውንድ አይደለም። «የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ አፍሪካ ውስጥ ናቸው፤ ጎንደር አፍሪካ ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ጎንደር የኢትዮጵያ ከተማ ናት» ብትሉ ደግሞ ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ሆነው ሙግቱ ቫሊድ አይደለም። ጎንደርን አውጥታችሁ ናይሮቢን አስገቡ፤ መነሻዎቹ እውነት እንደሆኑ ይቆያሉ፣ መደምደሚያው ይወድቃል። ፈተና ላይ ከዚህ የሚፈጥን ዘዴ አላገኘሁም።

መከራዬ የጀመረው ሁለቱን የሙግት ዓይነቶች፣ ዲደክቲቭንና ኢንደክቲቭን፣ መለየት ላይ ነው። መምህራችን ያደሉን ማጠቃለያ ወረቀት «ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር የሚሄድ ዲደክቲቭ፣ ከዝርዝር ወደ አጠቃላይ የሚሄድ ኢንደክቲቭ ነው፤ ‹ሁሉ› የሚል ቃል ካያችሁ ዲደክቲቭ በሉ» ይላል። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከደረሳችሁ ቅደዱት። «ላሊበላ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት፤ አክሱም ከላሊበላ በስተሰሜን ናት፤ ስለዚህ አክሱም ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት» ውስጥ «ሁሉ» የለም፣ አጠቃላይ የሚባል ነገርም የለም፤ ሙግቱ ግን ጥርት ያለ ዲደክቲቭ ነው። መታየት ያለበት መነሻዎቹ ለመደምደሚያው የሚሰጡት ድጋፍ ነው፦ የግድ ነው ይላሉ ወይስ ሳይሆን አይቀርም? የመጀመሪያው ዲደክቲቭ፣ ሁለተኛው ኢንደክቲቭ ነው።

ፈተናው ላይ «አዲስ አበባ እስከ ዛሬ ባሳለፈቻቸው ክረምቶች ሁሉ ዘንቧል፤ ስለዚህ በሚመጣውም ክረምት ይዘንባል» የሚል ጥያቄ መጣ። ያለፈው የሚመጣውን አያስገድድም፤ ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሞገተው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ኢንደክቲቭ፣ ጠንካራ» (መነሻዎቹ መደምደሚያውን የግድ ባያደርጉትም በደንብ የሚደግፉት) ብዬ መለስኩ። ቢሮ ሄጄ የታረመ ወረቀቴን ሳይ የመልስ ቁልፉ «ዲደክቲቭ» ይላል። መምህሩን ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» አሉኝ። ወረቀቱን የጻፉት እርሳቸው ናቸው!

የቅሬታ ቅጽ ሞልቼ ለትምህርት ክፍሉ አስገባሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና፣ ሰኞ ና ከተባልኩ በኋላ የደረሰኝ መልስ ይህ ነው፦ «ጥያቄው ለዓመታት ሲወጣ የቆየ ነው፤ ቅሬታ ያቀረበ ተማሪ የለም፤ ስለዚህ የመልስ ቁልፉ ትክክል ነው።» ያስተማሩኝን በራሳቸው ደብዳቤ ላይ ከመሞከር ሌላ ምን ላድርግ? ሙግቱ ኢንደክቲቭ ነው። ጥንካሬው የሚለካው ቁልፉ ስህተት ቢሆን ኖሮ ቅሬታ ይመጣ ነበር ወይ በሚለው ነው። በእኛ ትምህርት ክፍል የታረመ ወረቀት ለተማሪ አይመለስም፤ እኔም ያየሁት ለምኜ ነው። ወረቀቱን ያላየ ተማሪ ምን ብሎ ያመለክታል? ቁልፉ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም ዝምታው ያው ነበር። እንግዲያው ሙግቱ ደካማ ነው። ይህን ጽፌ በደብዳቤ መለስኩላቸው፤ በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት ገጽ እርሱ ነው። ነጥቡ አልተመለሰልኝም።

ኢንደክቲቭ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። «አብዛኞቹ ትላልቅ ወንዞች ባሕር ይገባሉ፤ አዋሽ ትልቅ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ ባሕር ሳይገባ አይቀርም» ቢባል መነሻዎቹ እውነት ናቸው፣ ድጋፉም ጠንካራ ነው። ነገር ግን የምናውቀውን አቤ ሐይቅን ሸሽጓል፤ ስለዚህ ኮጀንት (ጠንካራ ሆኖ መነሻዎቹ እውነት የሆኑ፣ ወሳኝ መረጃም ያልዘለለ) አይባልም። ቫሊድ የሆነን ሙግት ምንም መረጃ ብትጨምሩበት አይፈርስም፤ ኢንደክቲቭን ግን አንድ የተዘለለ ዐረፍተ ነገር ይንደዋል። ተማሪዎች በብዛት የሚዘሉት ይህንን ነው፤ መምህራንም በሁለት መስመር ያልፉታል።

ቅሬታ የምታቀርቡ ከሆነ መጀመሪያ መምህሩን አነጋግሩ የሚለውን መመሪያ አትጠብቁ፤ በቀጥታ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂው ላይም የገቢ ማኅተም አስመቱ። የእኔ የመጀመሪያ ቅጽ «አልደረሰንም» ተብሎ እንደገና ሞልቻለሁ።