ከታች ያሉት ስሞች

ዛሬም ከሥራ ሰዓት በፊት መናፈሻው ውስጥ ገብቼ ከመታሰቢያው አጠገብ ተቀመጥኩ። እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። መታሰቢያው ከዛፎች ሥር ያለ ዝቅተኛ ግንብ ነው። በግንቡ ላይ በተገጠመው የነሐስ ሰሌዳ በጦርነት ያለቁ ሰዎች ስም ጎላ ባለ ፊደል ተቀርጿል። ፈረሰኛ የለበትም፣ የተመዘዘ ሰይፍም የለበትም። ዙሪያው ጠጠር የለበሰ መንገድና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ናቸው።

መጀመሪያ ያመጣኝ ጸጥታው ነበር። አሁን የምመጣው ግን ሰዎቹን ለማየት ነው።

“ጸጥታ ይከበር” የሚል ጽሑፍ እዚህ የለም። ሆኖም በስልክ እየጮኸ የሚመጣ ሰው ጠጠሩን ሲረግጥ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ የሚሮጠውም ሩጫውን ወደ እርምጃ ይለውጥና ጠጠሩን ሲያልፍ እንደገና ይሮጣል። ብዙ ቀን ምክንያቱን ሳስብ ቆየሁ። አስፋልት ላይ ሰው የገዛ ኮቴውን አይሰማም፤ ጠጠር ላይ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ይሰማል። የራሱን ኮቴ የሰማ ሰው የት እንደቆመ ልብ ይላል። ይህን ጠጠር ያስነጠፈውን ሰው ባገኘው አመሰግነው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ያናደዱኝ ልጆች ነበሩ። ግንቡ ላይ ይወጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን ልገሥጻቸው ብድግ ብዬ እንደገና ተቀመጥኩ። ለተጨፈጨፉት የአውሮፓ አይሁዶች እ.ኤ.አ. በ2005 በርሊን ውስጥ የተመረቀው መታሰቢያ ትዝ አለኝ። 2,711 የሲሚንቶ ብሎኮች ያለ አጥር፣ በከተማው መካከል ተደርድረዋል። ልጆች በብሎኮቹ መካከል ድብብቆሽ ይጫወታሉ፤ አንዳንዱ ጎብኚ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፣ ሌላው በዚህ ይቆጣል። እኔ ለልጆቹ አዝናለሁ እንጂ አልቆጣም፤ የሚሮጡበት ቦታ ምን እንደሆነ ገና አልተነገራቸውም። የተነገረው አዋቂ ግን ስሞቹን ከኋላው አድርጎ ለፎቶግራፍ ሲሽቀረቀር ሳይ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ። ይህን ስሜቴን ለማለዘብ አልሞከርኩም።

ሌሎቹን ለምጃቸዋለሁ። ምሳውን ይዞ የሚመጣ አለ፣ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ የሚያንቀላፋ አለ፣ ተጣልተው መጥተው ታርቀው የሚሄዱ ጥንዶችም አሉ።

ከሁሉ ይልቅ የማየው እጅን ነው። ሰው የተቀረጸ ስም ፊት ሲቆም እጁ ዝም አይልም። እ.ኤ.አ. በ1982 ዋሽንግተን ውስጥ የተመረቀውን የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ንድፍ ያወጣችው ማያ ሊን ንድፏ ሲመረጥ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። በተወለወለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ከ58,000 በላይ ስሞች ተቀርጸዋል። ስሞቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ ሳይሆን በጉዳቱ ቀን ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን አብረው የወደቁ ጓደኛሞች ተቀራርበው ይገኛሉ። አንባቢው ከስሙ ጋር የገዛ ፊቱን በድንጋዩ ውስጥ ያያል። ሰዎች ወረቀት ለጥፈው በእርሳስ እያሹ የሚፈልጉትን ስም ቀድተው ይሄዳሉ።

የእኛ ሰሌዳ ነሐስ ስለሆነ የእጁን ታሪክ ራሱ ይናገራል። ነሐስ ንፋስና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይጠቁራል፤ እጅ የሚነካው ቦታ ግን እየታሸ ወርቅ ይመስላል። ከላይ ያሉት ስሞች ጠቁረዋል። የታችኛዎቹ ሁለት መስመሮች ግን ያበራሉ። በምን ምክንያት ይሆን እያልኩ ስገረም ከርሜ ነበር፤ የእነዚያ ሰዎች ዘመድ ከሌሎቹ ይበዛ ይሆን? ብዬም ገምቻለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ እናቱን ቀድሞ መጣና ሰሌዳው ሥር ተንበረከከ። ጣቱን በፊደሎቹ ላይ እየጎተተ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ማንበብ ገና እየተማረ ነው፤ ተንበርክኮ እጁ የሚደርሰውም ከታች እስከ ሁለተኛው መስመር ብቻ ነው።

አንድ አረጋዊት ከእኔ ቀጥሎ ባለው ወንበር ላይ ነበሩ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ይመጣሉ፤ ወደ ሰሌዳው ሲጠጉ ግን አይቻቸው አላውቅም። ልጁ ሦስተኛው ፊደል ላይ ተደናቀፈ። ደገመው፣ አልሆነለትም። ሴትዮዋ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ወደ ሰሌዳውም ሳያዩ ፊደሉን ነገሩት።

ልጁ ስሙን እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያም ዞር ብሎ፣

“እማማ፣ ይሄኛውስ?” አለ፤ ጣቱ ቀጥሎ ያለው ስም ላይ ነበር።

ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡና በጠጠሩ ላይ እየተራመዱ ወደ እርሱ ሄዱ።