ከድልድዩ በኋላ የመጣው

ዛሬ ከቤተሰብ ጋር ሂልተን ሄድ ደሴት ዋልን። ደቡብ ካሮላይና፣ ብዩፈርት ካውንቲ። ባሕሩ ውብ ነው፤ ሐሳቤን የያዘው ግን የመሬቱ ታሪክ ነው።

ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች እዚህ ሚችልቪል የተባለውን መንደር የመሠረቱት በ1862 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የእነዚያ ጥቁሮች ዘር የሆነው፣ ጉላ የሚባለው ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው። እስከ 1956 ድልድይ አልነበረም። ድልድዩ ሲመጣ ሪዞርትና ጎልፍ ሜዳ ተከተለ። ዛሬ ወደ አንዳንዱ ሰፈር በመኪና ለመግባት በር ላይ ይከፈላል! ማዶ ያለችው የብላፍተን ከተማ ደግሞ በ2000 ነዋሪዋ 1,275 ነበር፤ ዙሪያዋን እየጠቀለለች በ2020 ከ27 ሺህ አለፈች።

የሚያንገበግበኝ የጉላዎቹ የውርስ መሬት ነው። ብዙ አያቶች ሳይናዘዙ ስላለፉ መሬቱ የወራሾች ሁሉ የጋራ ሆነ። እንዲህ ባለ መሬት ባንክ በቀላሉ አያበድርም። ርቆ የሚኖር አንድ ወራሽ ድርሻውን ከሸጠ ደግሞ፣ ገዢው መሬቱ በሙሉ እንዲሸጥ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ቤተሰቡ ያንን ድርሻ ቀድሞ እንዲገዛ ዕድል የሚሰጠው ሕግ የወጣው በ2016 ነው። እስከዚያ ስንት ቤተሰብ ተነቀለ! እባካችሁ፣ እዚህ ቤት የገዛችሁ ወገኖቼ፣ ኑዛዜያችሁን ጻፉ።

ደስ ያለኝ የጎረቤቷ የሴንት ሄለና ደሴት ነገር ነው። እዚያ ከ1999 ጀምሮ ጎልፍ ሜዳና የታጠረ ሰፈር መሥራት ክልክል ነው። በ2023 አንድ ባለሀብት ይህን ደንብ ላስለውጥ ቢል ነዋሪው ተነሣ፤ ካውንቲውም ጥያቄውን አልተቀበለም። በርቱ ብያለሁ።