ሆዴን አስገሳልኝ

ትናንት ማታ የአራት ዓመት ልጄ ስድስት የሻይ ማንኪያ ቀጠን ያለ ገንፎ በላች፤ ሆዷም ሳይነፋ ተኛች። የጨጓራዋ አሲድ ወደ ላይ እንዳይመለስ ከተደረገላት ቀዶ ሕክምና ስምንተኛ ሳምንታችን ነው። እንደኛ ያሉ ወላጆች የስድስት ማንኪያን ዋጋ ያውቁታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ የሚወራላቸው አይደሉም፤ ውኃ፣ የተጣራ ሾርባ፣ ከዚያ የአጃ አጥሚት፣ በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት።

ያንገበገበን አየሩ ነው። ኒሰን በሚባለው ቀዶ ሕክምና የጨጓራው የላይኛው ክፍል የምግብ ቧንቧውን ታችኛ ጫፍ ዙሪያውን አቅፎ ይሰፋል። አሲዱ ወደ ላይ መመለሱን ይተዋል፤ አየሩም አብሮ ይታገዳል። ልጄ ማግሳት አትችልም፣ ማስመለስም አትችልም። ስታለቅስ የዋጠችው አየር ሆዷን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል፤ ያቅለሸልሻታል፣ ምንም ግን አይወጣላትም።

መድኃኒቷ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሆነ። ነርሷ እንዳሳየችን መግፊያውን መዝዤ ባዶውን ቀፎ ሆዷ ላይ ከተተከለው የመመገቢያ ቱቦ ጋር አያይዛለሁ፤ ከሆዷ ከፍ አድርጌ ይዤ መቆለፊያውን እከፍታለሁ። መጀመሪያ ነጣ ያለ ፈሳሽ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ፈሳሹ ተመልሶ ሲወርድ የተኮማተረው ግንባሯ ይፈታል። አሁን አሁን ራሷ «አባዬ፣ ሆዴን አስገሳልኝ» ትለኛለች። ለረጅም ጊዜ ከምግብ በኋላ ብቻ ነበር የማደርገው፤ ከንቱ ልፋት ነበር። ለእኛ የሠራው ከምግብ በፊትም፣ በመሃልም ማስተንፈስ ነው።

ጉርሻ በቤታችን ክልክል ነው። አያቷ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ ሰሃኑን ከፊታቸው አነሳሁ፤ ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ደግ አደረግሁ እላለሁ።

እንዲህ የምመጻደቀው ሰውዬ ግን በአምስተኛው ሳምንት ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ቁራሽ ድፎ ዳቦ በድብቅ ሰጥቻታለሁ። ሐኪሙ ዳቦ፣ ሥጋና ለስላሳ መጠጥ ለጊዜው እንዳይነካ ብለውን ነበር፤ የተሰፋው ቦታ እብጠቱ ገና አልጎደለም። ዳቦው ትኩስ ነበር፣ ስትለምነኝ አላስቻለኝም። ምራቋን እንኳን መዋጥ አቅቷት ለሃጯ በአገጯ ወረደ። አቅፌያት ወደ ደሴ ሆስፒታል ስበር፣ መኪናው የሐረጎን ዳገት እየወጣ ሳለ የተቀረቀረው ዳቦ ወረደላት።

ለእናቷ የነገርኳት ትናንት ማታ፣ ከገንፎው በኋላ ነው። ሲሪንጁን እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።