ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኜ ሬዲዮዬን በሞስኮ ሞገድ ያስተካከልኩበት መንገድ

መጀመሪያ የያዝኩት መቀበያ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራ፣ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ርካሽ የዩኤስቢ ዶንግል ነው። እናቴ ቤት መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ አለችኝ። ከጠረጴዛዋ የሚወጣው ሽቦ ግቢ ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ይታሰራል። የምሠራው ማዳመጥ ብቻ ነው። ለማሰራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ"ኢቲ" የሚጀምረው የአገራችን የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ መጠሪያም የሚገኘው በፈቃድ ነው። የጣቢያዎችን ፍሪኩዌንሲ ለመለካት ግን ጥሩ ጆሮ ይበቃል።

የእኔ ጆሮ ግን ይዋሽ ነበር። ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ፍሪኩዌንሲ እስከ አንድ ኸርዝ ድረስ ተጽፎ ስለማየው ትክክል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በኤፍኤም ጣቢያ ላስተካክለው አሰብኩ። የሞገዱን መሐል በዓይኔ ፈልጌ ቁጥሩን አስተካከልኩ። በማግስቱ ሳየው ሌላ ቦታ ነው። ደግሜ አስተካከልኩ፤ እንደገና ሸሸ። እንዲህ እያልኩ አንድ ሳምንት ፈጀሁ።

ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። የኤፍኤም ሞገድ ከድምፁ ጋር አብሮ ይወዛወዛል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ 75 ኪሎኸርዝ ይሄዳል። መሐሉን በዓይን መያዝ አይቻልም። ሁለተኛው ስህተት ዶንግሉን በሰካሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መለካቴ ነው። ዶንግሉ ውስጥ በ28.8 ሜጋኸርዝ የምትርገበገብ ክሪስታል አለች። የምናየው ቁጥር ሁሉ የሚሰላው ከእሷ ነው። እሷ ደግሞ ሙቀት ይለውጣታል። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ ጠዋት ክፍሉ ይበርዳል። ቀዝቅዞ የተሰካ ዶንግል እስኪሞቅ ድረስ ቁጥሩ ይንሸራተታል።

ቀጥሎ የሞከርኩት ካሊብሬት-አርቲኤል የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። የሚያዳምጠው የሞባይል ማማዎችን ነው። የጂኤስኤም ማማ ፍሪኩዌንሲውን ከ0.05 ፒፒኤም ባልበለጠ ስህተት እንዲይዝ ደረጃው ያስገድደዋል። ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮን አንድ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ በ900 ባንድ የሚሰሙትን ማማዎች ይዘረዝራል፤ ከዚያ ጠንካራውን መርጠህ ስህተትህን ይነግርሃል። የእኔ እንደሰካሁት 54 ነበር። ከ40 ደቂቃ በኋላ 58 ሆኖ ቆመ። 58 ፒፒኤም በ10 ሜጋኸርዝ ላይ 580 ኸርዝ ነው፤ በ950 ሜጋኸርዝ ላይ ግን 55 ኪሎኸርዝ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ዶንግሌ ከ40 ደቂቃ በፊት የሚለኝን አልሰማም።

በዚህ መሐል አንድ ጎረቤታችን አስተማረኝ። እህል ነጋዴ ነው፤ ጤፍ ይሸጣል። ሚዛኑን ሲፈትሽ አገኘሁት። የ1 ኪሎውን ብረት አስቀመጠና አየ፤ ከዚያ ደግሞ ልኩ የታወቀ 50 ኪሎ ጫነ። "አያ፣ አንዱ አይበቃም እንዴ?" አልኩት። "ልጄ፣ ባዶውን ዜሮ ብሎ ሲጫን የሚዋሽ ሚዛን አለ" አለኝ። ቤት ገብቼ የማደርገውን ሳስብ፣ እኔ እስከዚያ ቀን በአንድ ክብደት ብቻ ነበር የምፈትሸው።

ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ የሚባለው የአማተሮች ሶፍትዌር የሚሠራው ልክ እንደ ጎረቤቴ ነው። የጀመረው ጆ ቴይለር ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ኤፍቲ8 በሚባለው የዲጂታል መልእክት መለዋወጫ ዘዴው ነው፤ ውስጡ ግን ፍሬክ ካል የሚባል የመለኪያ ሞድ አለ። ፍሪኩዌንሲያቸው በትክክል የሚታወቅ ጣቢያዎችን አንድ በአንድ ያዳምጣል፣ ልዩነቱን በኸርዝ ይመዘግባል። በርካታ ነጥብ ሲሰበሰብ በነጥቦቹ መሐል ቀጥታ መስመር ያሰምርና ሁለት ቁጥር ይሰጥሃል። አንዱ ከፍሪኩዌንሲው ጋር የሚያድገው ስህተት ነው፣ በፒፒኤም። ሌላው በሁሉም ላይ እኩል የሚጨመረው ነው፣ በኸርዝ። ከመጀመርህ በፊት ሁለቱንም ሴቲንግ ላይ ዜሮ አድርጋቸው። እኔ ረስቼ አንድ ሌሊት ሙሉ የለካሁትን ጥያለሁ።

አብዛኛው መመሪያ የሚያወራው ትክክለኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሚያሰራጨው የአሜሪካ ጣቢያ፣ ስለ ደብሊውደብሊውቪ ነው። እዚህ እሱን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ለእኛ የሚቀርበው የሞስኮው አርደብሊውኤም ነው፤ ከደብረ ማርቆስ 5000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ4.996፣ በ9.996 እና በ14.996 ሜጋኸርዝ ይሰማል። በየግማሽ ሰዓቱ መጀመሪያ ለ8 ደቂቃ ያህል ምንም ያልተጫነበት ንጹህ ሞገድ ይልካል፤ ትንሽ ቆይቶ ስሙን በሞርስ ይጠራል። የምለካው በዚያ ንጹህ ጊዜ ነው። የቻይናው ቢፒኤም በ10 ሜጋኸርዝ ላይ ይሰማል፤ ግን ደብሊውደብሊውቪም እዚያው ስላለ የሰማሁት የማን እንደሆነ ካላረጋገጥኩ አልመዘግበውም። መቀበያውን ከጣቢያው 1500 ኸርዝ ዝቅ አድርጌ በዩኤስቢ ሞድ (የላይኛው ጎን ባንድ እንጂ የኮምፒውተሩ መሰኪያ አይደለም) አስቀምጠዋለሁ፣ ለምሳሌ 9.9945 ላይ። ያኔ ጣቢያው 1500 ኸርዝ ፉጨት ሆኖ ይመጣል፤ ሰማዩ ካልረበሸው ከ1500 የራቀው ሁሉ የእኔ ስህተት ነው።

ለዚህ ሥራ አሮጌውን ዶንግል ተውኩት። ሙቀት የሚያካክስ ክሪስታል ያለው፣ አጭር ሞገድንም በቀጥታ የሚቀበል ዶንግል ወዳጄ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያስቸገረኝ ሰማዩ ነው። 4.996 የሚሰማው ማታ ነው፣ 14.996 ቀን። ሦስቱንም አንድ ላይ ልያዝ ካልክ ያለህ ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሞገዱን የሚመልሰው አዮኖስፌር ከፍና ዝቅ ስለሚል ፍሪኩዌንሲው ራሱ ይነቃነቃል። ማግኔታዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ከመሸ በኋላም ሰማያችን ቶሎ አይረጋም። መፍትሔ ያገኘሁት በ9.996 ነው። እሱ ቀንም ማታም ይሰማል። ስለዚህ ቀን 9.996ን ከ14.996 ጋር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ 9.996ን ከ4.996 ጋር እለካለሁ። የ9.996 ንባብ በሁለቱም ጊዜ ከተስማማ ክሪስታሏ አልተንቀሳቀሰችም ማለት ነው። ካልተስማማ የቀኑን ሁሉ እጥላለሁ።

ካልጣልኳቸው ቀናት በ4.996፣ በ9.996 እና በ14.996 ላይ ያገኘሁት ስህተት በቅደም ተከተል 2.0፣ 3.8 እና 5.8 ኸርዝ ነው። ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ስህተቱም በእኩል ይጨምራል። የመስመሩ መልስ 0.38 ፒፒኤም ሆነ፤ በሁሉም ላይ የሚጨመረው ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ያን ማታ ደብተሬን ይዤ እናቴን ከእንቅልፏ ልቀሰቅሳት ምንም አልቀረኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። 4.996 በጣም ደካማ ነው፤ የቻርጀርና የአምፖል ረብሻ ይውጠዋል። በጣም ጥሩ የሆኑትን ንባቦች ያገኘሁት መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሲጠፋ ረብሻው አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፣ ዶንግሉ እንደሞቀ ይቆያል። ስለዚህ ሲመሽ ባትሪዬን ሞልቼ ነው የምጠብቀው።

አሁን የማልፈልገው የነበረውን የጠዋቱን መነቃነቅ ሆን ብዬ እየለካሁ ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት፣ ንጹህ ሞገድ በሚላክባቸው ጊዜያት 9.996ን በየደቂቃው እመዘግባለሁ። የመቀበያዬን ስህተት ስለማውቀው የቀረው የሰማዩ ነው። ዛሬ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ባለው ንጹህ ጊዜ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆየ፣ ተመልሶ ወረደ። ትናንትም በዚያው ሰዓት እንዲሁ ነበር።