እኔ የማጠናው ዛጎል ነው

ስለ ቅሪተ አካል እያጠናሁ መሆኔን የሰማ ሐበሻ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ሉሲን?» ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የሚያገኙኝ የእናቴ ጓደኞችም፣ ደብረ ማርቆስ ያሉት አያቴም በስልክ የሚሉት ይህንኑ ነው። አልፈርድባቸውም። እኔም ወደ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመምጣቴ በፊት የማውቀው እሱን ብቻ ነበር፦ ሐዳር፣ 1967 ዓ.ም.፣ ዶናልድ ዮሐንሰን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ሸምድጄ ጻፍኩ፣ ማርክ አገኘሁ። ሚሊዮኑን ማን እንዴት ቆጠረው ብሎ የጠየቀ ልጅ በክፍላችን አልነበረም፤ የጠየቀም ቢኖር ጊዜ አታባክን የሚባል ይመስለኛል።

ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ኦሊምፒያድ ቡድን ውስጥ የቅሪተ አካል ውድድር ለእኔና ለአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ደረሰን። ውድድሩ በጥንድ ነው። በየጠረጴዛው ድንጋይ ወይም ፎቶግራፍ ይቀመጣል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስሙን፣ ዘመኑንና አኗኗሩን ጽፎ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ራሳችን ያዘጋጀነውን አንድ ማህደር ይዘን መግባት ይፈቀድልናል። ሲያዩት ብዙ ነው፤ ገጽ ሲያገላብጡ ግን ሰዓቱ ያልቃል፣ ስለዚህ ማህደሩ ከጥቅሙ ይልቅ የልብ ማረጋጊያነቱ ይበልጣል። ለውድድሩ የሚጠኑትን ቅሪቶች ዝርዝር ሳየው ደግሞ የጠበቅሁት ዳይኖሰር ጥቂት ነው። የሚበዛው ዛጎል ነው።

መጀመሪያ ሰለቸኝ። ሁሉም ዛጎል አንድ መሰለኝ። ከዚያ መምህራችን ሁለት የጥፍር ያህል ድንጋዮች መዳፌ ላይ አስቀመጠና «የትኛው ነው ብራኪዮፖድ?» አለኝ። ብራኪዮፖድም ባይቫልቭም ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የውኃ እንስሳት ናቸው። ልዩነታቸው የገባኝ ያኔ ነው። የባይቫልቭ ሁለት ክዳኖች ገጥመው እንደተቀመጡ ግራና ቀኝ መዳፎች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። የብራኪዮፖድ ክዳኖች ግን እርስ በርስ አይመሳሰሉም፣ አንደኛው ይተልቃል። ይልቅስ አንዱን ክዳን ለብቻው ከጫፉ እስከ ከንፈሩ በሐሳብ መሥመር ቢከፍሉት፣ ግራው ከቀኙ እኩል ይመጣል። ሁለቱ እንስሳት ከውጭ ቢመሳሰሉም ዘመዳሞች አይደሉም። ደንቡን ይዤ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግሪፊያ መጣች፤ ባይቫልቭ ሆና ሳለ አንዱ ክዳኗ ወፍራምና የተጠቀለለ፣ ሌላው ዝርግ ነው። ለፈተና አውጪ እንዲመች ሆና የተፈጠረች ናት።

ከሁሉ የወደድኩት ትሪሎባይት የሚባለውን የጠፋ የባሕር እንስሳ ነው። ከ520 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ታይቶ፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በደረሰው ታላቅ እልቂት እስኪጠፋ ድረስ ባሕር ውስጥ ኖሯል። የዓይኑ ሌንሶች የተሠሩት ከካልሳይት ነው፤ የኖራ ድንጋይን ከሚሠራው ከዚያው ማዕድን። ፋኮፕስ በሚባለው ዝርያ ላይ ሌንሶቹ በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ይታያሉ። ሲያድግ ልባሱን እያወለቀ የሚጥል እንስሳ በመሆኑ፣ ከሚገኙት ቅሪቶች ብዙዎቹ ሬሳ ሳይሆኑ የተጣለ ልባስ ናቸው።

ይህ ነገር ሜሪላንድ ካልቨርት ክሊፍስ ስንሄድም ተከተለኝ። ገደሉ ሚዮሲን የሚባለው ዘመን (ከ23 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) የባሕር ደለል ነው። ሞገዱ ሥሩን ሲበላው የሻርክ ጥርስ ከአሸዋው ጋር ይወርዳል፤ ከገደሉ ሥር መሄድ ክልክል ነው፣ ባሕሩ ዳር የወደቀውን መልቀም ግን ይቻላል። ሻርክ በዕድሜው ሺዎች ጥርስ ይቀይራል፤ አጽሙ ደግሞ ልም አጥንት ስለሆነ በስብሶ ይጠፋል። ስለዚህ ያ ሁሉ እንስሳ የተረፈልን በሚጥለው ነገር ነው። ጓደኛዬ ጥርሶቹን ስትለቅም እኔ ያልተረፈውን እያሰብኩ ቆምኩ። «ነገሩን አታክብጂው፣ ልቀሚ» አለችኝ።

ወደ ሚሊዮኑ ልመለስ። የሐዳርን ዕድሜ የነገረን አጥንቱ ራሱ አይደለም፤ ከበላዩና ከበታቹ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ማዕድን ውስጥ ፖታሲየም 40 የሚባል፣ ቀስ እያለ በራሱ የሚፈራርስ የአቶም ዓይነት አለ፤ ግማሹ እስኪፈራርስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፣ ከሚፈራርሰውም የተወሰነው አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ይተናል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚፈጠረው ግን ማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይከማቻል። የተከማቸውን መለካት ሰዓት ማንበብ ነው። ለእናቴ ጓደኞች ይህን ሳስረዳቸው አንዷ «እንዲህ ነው እንዴ!» አሉና ስኒያቸውን አስቀመጡ። ስለ ቅሪተ አካል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድም ነገርኳቸው፤ ዲኪካ ላይ የተገኘችውን ሕፃን፣ ሰላምን፣ ከተጣበቀባት የአሸዋ ድንጋይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ሲያላቅቅ ዓመታት ፈጅቶበታል። ሰው በሉሲ የሚኮራውን ያህል በዚህ ትዕግሥት ቢኮራ ደስ ይለኛል።

የእኔ አገር ቅሪተ አካል ግን አፋር ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት በዛጎል በኩል ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ደጀንን እንዳለፍን ዓባይ በረሃ ይጀምራል። በአውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም የሚያስበው ስለ ፍሬኑ ነው፤ ሴቶቹ ያማትባሉ፣ ሾፌሩን የሚያናግር የለም፣ ድንጋዩንም የሚያይ የለም። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ባዛልት፣ ዝቅ ሲሉ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጄሶ፣ ወንዙ አጠገብ የአሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ በኩል የገባ ባሕር ያነጠፈው ነው። ሙገር ላይ ለሲሚንቶ የሚፈጨውም ይኸው ዓይነት ነው። የአዲስ አበባ ፎቆች ስንት ዛጎል እንደበሉ እንጃ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በዚያ መንገድ የጭነት መኪና ያሽከረክራል። ከመንገድ ዳር ከተናደው ድንጋይ ፎቶ እንዲያነሳልኝ ለመንኩት። አብዛኛው ደብዛዛ ነው፣ አንዱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ጫማው ነው። አንዱ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል፦ ከአንድ ብር ሳንቲም አጠገብ ክብ ያለች ዛጎል፣ ግራዋ ከቀኟ እኩል፣ ጫፏ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያላት። እንስሳው ዐለት ላይ የሚጣበቅበት ግንድ የሚወጣው በዚያች ቀዳዳ ነው። ብራኪዮፖድ! እናቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት፤ የሌሊት ሥራ አድራ የተኛች ሴት በዛጎል ስትቀሰቀስ ምን እንደምትል አልጽፍም።

ለአጎቴ ስሙን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እና ይሸጣል?» አለ። እንደማይሸጥ፣ ቅርስ እንደሆነ፣ ካለበት እንዳይነካው ነገርኩት። «አንቺ ልጅ፣ ግሬደር የገፋው ድንጋይ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን አላነሳውም።

ፎቶውን አትሜ በማህደራችን የብራኪዮፖድ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ጓደኛዬ ተቆጣች። በዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ዝርያውንም አላወቅነውም፣ ነጥብ አያስገኝም አለች። ሁሉም እውነት ነው። ግራፕቶላይት ለሚባለው ሌላ ጥንታዊ የባሕር እንስሳ የያዝነውንም ቦታ ወስዶብናል፤ እሱን አሳንሳ ጥግ ላይ ጻፈችው፣ እኔም ፎቶውን ከገጹ ላይ አላነሳሁትም።