ተራ ቁጥር 14

ሰኞ ጠዋት ነው። ቡናዬን ገና አልጨረስኩም። የሐዋሳ ደንበኛችን ደወለ። ሰላምታው ላይ ብዙም አልቆየም።

«አንድ ነገር ላንብብልህ» አለኝ። «ተራ ቁጥር 14፣ የአዳማው ነጋዴ። ቅናሽ 12 በመቶ። የብድር ጊዜ 60 ቀን።» ትንሽ ዝም አለ። «እኔ ተራ ቁጥር 9 ላይ ነኝ። ቅናሽ 5 በመቶ። ለመሆኑ ስንት ዓመት ሆነን አብረን ስንሠራ?»

ላብ አጠመቀኝ። የሚያነብልኝ ከሽያጭ ክፍላችን ውጭ ማንም ሊያየው የማይገባ ሰንጠረዥ ነበር።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ሴራሚክ፣ ቧንቧና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ነው። የአይቲ ክፍሉ እኔ ነኝ፤ ኃላፊውም ሠራተኛውም። ድሮ ሰርቨራችን፣ የድርጅቱ መረጃ ሁሉ ያለበት ኮምፒውተር፣ ደረጃ ሥር ነበር የሚቀመጠው፣ ቡና ከሚፈላበት ጥግ አጠገብ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩን ይዞት ሄደ። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የምናደርግበት ዲስክም እዚያው ሰርቨሩ ላይ እንደተሰካ ስለነበር አብሮ ተቃጠለ። የሦስት ሳምንት ሽያጭ ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ እያየን እንደ አዲስ መዘገብን። የሒሳብ ኃላፊያችን ያን ሰሞን እንዴት ታየኝ እንደነበር አይረሳኝም።

ክላውድ እንግባ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «ምን ማለት ነው?» አሉኝ። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በፈረንጆቹ 2011 ያወጣው ትርጉም አለ። በፈለግህ ሰዓት ራስህ የምታዝዘው፣ በኔትወርክ የምታገኘው፣ ከሌሎች ጋር የምትጋራው፣ ቶሎ የሚሰፋና የሚጠብ፣ በተጠቀምክበት ልክ የምትከፍልበት የኮምፒውተር አገልግሎት፣ ይላል ባጭሩ። ይህን ብዘረዝርላቸው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

«መጋዘን መከራየት ነው» አልኳቸው። «ግንቡ፣ ዘበኛው፣ ጄኔሬተሩ የአከራዩ ነው። ዕቃው የእርስዎ። ሲጠብዎት ክፍል ይጨምራሉ፣ ሲተርፍዎት ይለቃሉ።»

ገባቸው። መጋዘን ሲከራዩ ነው የኖሩት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

«በፓስወርድ ነው፣ ጋሼ» ብዬ አለፍኩት።

ከገባን በኋላ ሥራው ቀለለ፣ አልዋሽም። የመጋዘን ልጆች የገባና የወጣውን በስልካቸው ይመዘግባሉ። መብራት ቢጠፋ ማንም አይደነግጥም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ቁጭ ነው። የ2012ን ክረምት የሚያስታውስ ሰው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ሊቋረጥ እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ የዕለቱን የዕቃ ዝርዝር ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይም እናስቀምጣለን። ደግሞ አከራዩም ይቃጠልበታል። በፈረንጆቹ መጋቢት 2021 ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡርግ ላይ አንድ ትልቅ የዳታ ማዕከል ሲነድ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች ዳታቸው እንደወጣ ቀርቷል።

ሒሳቡ ሌላ ጣጣ ነው። የሚሰላው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ደረሰ። የሒሳብ ኃላፊያችን ቢሉን ይዛ መጣች። «አጠቃቀማችን ጨመረ እንዴ?» አልጨመረም። ግን ላጣራ ብዬ ስገባ፣ ለሙከራ ከፍቼ የረሳሁት ሰርቨር አራት ወር ሙሉ ሲቆጥር ኖሯል። ሳይዘጋ እንዳደረ ቧንቧ። እሱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ዘጋሁትና ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ስልኩ። የሐዋሳውን ሰው በስንት ልመና ካረጋጋሁ በኋላ ክላውድ ላይ ሰንጠረዡ ያለበትን ፎልደር ከፈትኩ። ማን ሊያየው ይችላል በሚለው ቦታ ላይ «ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው» ይላል። ማን እንዲህ እንዳደረገው መመርመር አላስፈለገኝም። እኔ ነኝ። አንድ አርብ ማታ ወደ ቤት ልወጣ ስል የሽያጭ ልጆቹ «አልከፍት አለን» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ፣ ሰኞ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለሁሉም ክፍት አደረግኩት። ያ ሰኞ ሳይመጣ ወራት አለፉ። አንዱ ሻጭ የዋጋ ዝርዝር ለጠየቀው ደንበኛ የፋይሉን ሳይሆን የፎልደሩን ሊንክ በቴሌግራም ላከ። ደንበኛው ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለነጋዴዎች ግሩፕ።

መዝጋቱ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ዳውንሎድ የተደረገውን ግን ማን ይመልሰዋል? ከቅናሹ የበለጠ ያስደነገጠኝ ደግሞ ከሰንጠረዡ ጎን ያለው ነው። የደንበኞች መታወቂያና ንግድ ፈቃድ ኮፒ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቅ ያዛል። ከአንድ ወር በፊት አንብቤዋለሁ፣ ራሴን እየነቀነቅኩ።

ጋሼ ቢሮ ገባሁ። «ተሰረቅን?» አሉ። አልተሰረቅንም። ራሴን ላጽናና ብዬ የካፒታል ዋንን ታሪክ ጀመርኩ፤ በፈረንጆቹ 2019 የአሜሪካው ባንክ ፋየርዎል፣ ያልተፈቀደለትን እንዳይገባ የሚያግደው መከላከያ፣ በስህተት ተዋቅሮ የ100 ሚሊዮን ሰው መረጃ እንደወጣበት። አላስጨረሱኝም።

«ባንኩን ተወው። ቁልፉ ማን ጋ ነው ብዬህ አልነበር?»

እዚያው ቁጭ ብለን አካውንት ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር አተምኩ። መነጽራቸውን አድርገው በእስክሪብቶ እየነኩ አነበቡ። «ይሄ ልጅ ለቆ የለም እንዴ?» ለቋል፤ ስምንት ወሩ። ዘጋሁት። «ይሄስ ማነው?» ሦስት ሰው በጋራ የሚገባበት ነው። እሱንም። ሁሉም የየራሱን እንዲከፍት፣ ከፓስወርዱ ሌላም በስልኩ ኮድ እንዲያስገባ ተስማማን። በዚህ ጊዜ እስክሪብቶው ከላይ አንደኛው መስመር ላይ ቆመ። ሁሉን የመክፈትና የመሰረዝ ሥልጣን ያለው አካውንት ነው። የተመዘገበበት ኢሜይል ግን የቢሯችን አይደለም።

«ይቺን አላወቅኳትም» አሉ።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ኢሜይሉን የከፈተችላቸው ቨርጂኒያ ያለችው ልጃቸው ናት። ፓስወርዱንም የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሰዓታቸውን አዩ። እዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቢሆንም ደወሉላት።